ምዕራፍ 7፦ ዋጋው በምን ይካፈል? የትልልቅ የሌጎ ስጦታዎች ስሌት

ባለፉት ሁለት ምዕራፎች የአንድ ዕቃ ዋጋ ከየት ከየት ተለቃቅሞ እንደሚገነባ፣ ማለትም ጥሬ ዕቃው፣ ጉልበቱ፣ የመደብሩ ኪራይ፣ የነጋዴው ትርፍና የመንግሥት ግብር በአንድ የዋጋ ወረቀት ላይ እንዴት እንደሚደመሩ ታይቷል። ይህ ምዕራፍ ከሌላው ጫፍ ይነሣል፤ ዋጋው አንዴ ከተቆረጠ በኋላ ገዢው “ይህ ውድ ነው ወይስ ርካሽ?” ብሎ ሲጠይቅ መልሱ የሚገኘው በማካፈል መሆኑን ያሳያል። ለዚህም የተመረጠው ምሳሌ በኮሎራዶ ግዛት፣ በተለይም በአውሮራ፣ በዴንቨርና በግሌንዴል የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆችና ዘመዶች በየዓመቱ ከኖቬምበር መጨረሻ እስከ ጃንዋሪ መጀመሪያ ድረስ የሚገጥማቸው ጉዳይ ነው፦ ከ200 እስከ 1,000 ዶላር የሚጠየቅባቸው ትልልቅ የሌጎ ሳጥኖች ለገና ስጦታ ሲታሰቡ በምን ይመዘናሉ?

ሌጎ በዴንማርክ ቢሉንድ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1932 ኦሌ ኪርክ ክርስቲያንሰን በተባለ አናጢ የተመሠረተ፣ ሥራውን በእንጨት መጫወቻ የጀመረ ኩባንያ ነው፤ ዛሬ የሚታወቀው የፕላስቲክ ጡብ የፈጠራ ባለቤትነት ማመልከቻ የገባው ጃንዋሪ 28 ቀን 1958 ነው። ስብስብ ማለት አንድን ነገር፣ መርከብም ሆነ ቤት ወይም ግንብ፣ ለመገጣጠም የሚያስፈልጉ ጡቦች ከመመሪያ መጽሐፋቸው ጋር በአንድ ሳጥን የታሸጉበት ጥቅል ሲሆን፣ ፍሬ የሚባለው ደግሞ በውስጡ ያለው እያንዳንዱ ቁራጭ ነው። በአሜሪካ በሚሸጠው ሳጥን ላይ የፍሬዎቹ ብዛት በግልጽ ይታተማል፤ ዋጋው ደግሞ በመደርደሪያው ላይ ይለጠፋል። ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ማካፈል ይቀናል፤ ገዢው የሚሳሳተውም ብዙ ጊዜ እዚያው ላይ ነው።

ነጠላ ዋጋና ታህቱ

ነጠላ ዋጋ የሚባለው የአንድ ጥቅል ጠቅላላ ዋጋ በውስጡ ባለው መጠን ተካፍሎ የሚገኘው ውጤት ነው። በብዙ የአሜሪካ የምግብ መደብሮች ከትልቁ ዋጋ ሥር በደቃቅ ፊደል የሚጻፈው “በአውንስ ይህን ያህል ሳንቲም” የሚለው ቁጥር እርሱ ሲሆን፣ ዓላማውም በተለያየ መጠን የታሸጉ ዕቃዎች በአንድ ሚዛን እንዲወዳደሩ ማድረግ ነው። ስሌቱ ክፍልፋይ ስለሆነ ሁለት ክፍሎች አሉት፤ ከላይ የሚቀመጠው ላዕል፣ እዚህ ላይ ዋጋው፣ እንዲሁም ከታች የሚቀመጠው ታህት፣ ማለትም ዋጋው የሚካፈልበት መጠን። ላዕሉ በደረሰኝ ላይ ስለሚጻፍ አያከራክርም፤ ታህቱን የሚመርጠው ግን ገዢው ነው፣ “ውድ” ወይም “ርካሽ” የሚለውን ፍርድ የሚሰጠውም ይህ ምርጫ ነው። የምዕራፉ ዋና ሐሳብ ይኸው ነው።

ነገሩን ለማየት ሌጎን ለጊዜው ትቶ እንጀራን መውሰድ ይበቃል። በአውሮራ በሃቫና ጎዳናና በአካባቢው ባሉ የሐበሻ መደብሮች እንጀራ በፕላስቲክ ታሽጎ በቁጥር ይሸጣል። እኩል ቁጥር የያዙና እኩል ዋጋ የተለጠፈባቸው ሁለት ጥቅሎች ተቀምጠው፣ አንደኛው ሰፊና ዐይኑ የወጣ፣ ሁለተኛው ጠበብና ሳሳ ያለ ቢሆን፣ ዋጋው በእንጀራው ቁጥር ሲካፈል ሁለቱ አንድ ናቸው፤ በሚያጠግበው ሰው ቁጥር ሲካፈል ግን ሁለተኛው ጥቅል ውድ ሆኖ ይገኛል። እንጀራ የሚያውቅ ገዢ ይህን ሳያሰላ ያደርገዋል፣ ዐይኑ ታህቱን ከቁጥር ወደ ጥጋብ ይለውጠዋልና። ያው ገዢ የሌጎ መደርደሪያ ፊት ሲቆም ግን የታተመውን ቁጥር ያምናል፤ በሌጎ ቤት ጥጋብ ማለት ምን እንደሆነ የነገረው የለምና።

በፍሬ ሲካፈል

በሌጎ ገዢዎች ዘንድ የቆየ ልማዳዊ መለኪያ አለ፤ አንዱ ፍሬ 10 ሳንቲም ገደማ ከወጣበት ዋጋው ደህና ነው፣ ካነሰ ርካሽ፣ ከበለጠ ውድ ይባላል። መለኪያው በታወቁት ትልልቅ ስብስቦች ላይ ሲሞከር የሚከተለውን ያመጣል። በስታር ዋርስ ፊልሞች የሚታወቀው ሚሌኒየም ፋልከን የተባለ መንኮራኩር በ2017 በ800 ዶላር ሲወጣ 7,541 ፍሬዎች ስለነበሩት ለአንዱ 10.6 ሳንቲም ይደርሳል። በ2020 በ550 ዶላር የወጣው የሮም ኮሎሲየም በ9,036 ፍሬዎቹ 6.1 ሳንቲም፣ በ2021 በ630 ዶላር የወጣው ታይታኒክ በ9,090 ፍሬዎቹ 6.9 ሳንቲም ይሆናሉ፤ በዚያው ዓመት በ250 ዶላር የወጣው የዓለም ካርታ ግን 11,695 ፍሬዎች ስላሉት ለአንዱ 2.1 ሳንቲም ብቻ ይወጣበታል። በዚህ ስሌት ካርታው ከመንኮራኩሩ አምስት እጥፍ ያህል ይረክሳል ማለት ነው።

ካርታውን የከፈተ ሰው ግን አብዛኛው ፍሬ ከሸሚዝ ቁልፍ የማይበልጥ ክብ ነጥብ ሆኖ ያገኘዋል፤ ሥራውም እነዚህን ነጥቦች በቀለማቸው እየለዩ በሰሌዳ ላይ አንድ በአንድ መጫን ነው። ለአንዳንድ ሰው ይህ ከሥራ ድካም በኋላ አእምሮን የሚያሳርፍ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ግን ቅጣት ቢመስለው አይፈረድበትም። ጠባቡ እንጀራ ማለት ይህ ነው። በመንኮራኩሩ በኩል ያለው ከፍ ያለ ነጠላ ዋጋም የራሱ ምክንያቶች አሉት። አንደኛው የፍሬዎቹ ትልቅነት ነው፤ ሁለተኛው የፈቃድ ክፍያ፣ ማለትም ኩባንያው በፊልሙ ስምና መልክ ለመጠቀም ለባለቤቱ፣ ዛሬ ለዲስኒ፣ የሚከፍለው ገንዘብ ነው፤ ሦስተኛው በምዕራፍ 4 ስለ ቋሚ ወጪ ከተባለው ጋር ይገናኛል። ቋሚ ወጪ ምርቱ በዛም አነሰም የሚከፈል ወጪ እንደሆነ እዚያ ተብራርቷል፤ የቀለጠ ፕላስቲክ የሚገባበት የብረት ቅርጽ ማውጫ፣ በተለምዶ ሞልድ የሚባለው፣ ውድ ስለሆነ ለአንድ ስብስብ ብቻ የተሠራ ልዩ ፍሬ ወጪውን የሚያካፍለው ጓደኛ የለውም፤ በሺህ ስብስቦች ውስጥ የሚገባው ተራ ጡብ ግን ያንኑ ወጪ በሚሊዮኖች ያካፍላል።

ፍሬ ሁሉ እኩል አለመሆኑ በጥራትም ይታያል። ሁለት ጡቦች ተጣብቀው የሚቆዩት የአንዱ ጉብታዎች በሌላው ሆድ ውስጥ በሚፈጥሩት መጠነኛ ጫና ስለሆነ፣ ጫናው ትንሽ ቢበዛ ልጅ ሊነቅለው ያቅተዋል፣ ትንሽ ቢያንስ ግንቡ ይፈርሳል። ኩባንያው እንደሚገልጸው ቅርጽ ማውጫዎቹ ከታሰበው ልክ ከ0.004 ሚሊሜትር በላይ አይስቱም፤ በ1958 የተሠራ ጡብ ዛሬ ከተገዛ ጡብ ጋር የሚገጥመውም በዚህ ጥንቃቄ ነው። የጡቡ የፈጠራ መብት ዘመኑ ካለፈ ቆይቷል፤ የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2005፣ የአውሮፓ ፍርድ ቤት ደግሞ በ2010 ባለ ጉብታውን ቅርጽ አንድ ኩባንያ በንግድ ምልክትነት ይዞ ሊያስቀረው እንደማይችል ወስነዋል። ስለዚህ የሚገጥም ጡብ መሥራት ሕጋዊ ነው፣ ዋጋውም ብዙ ጊዜ በእጅጉ ያንሳል። ሕገ ወጥ የሚሆነው የስብስቡን ንድፍና የሳጥኑን ሥዕል እንዳለ መቅዳት ነው፤ ሌፒን በሚል ስም ይህንኑ ሲሠራ የነበረ የቻይና አምራች በ2019 በሻንጋይ ፖሊስ ተይዞ በቀጣዩ ዓመት ተፈርዶበታል።

ስለ ላዕሉ አንድ ነገር ብቻ ይጨመር። የተለጠፈው ዋጋ የሽያጭ ግብርን አይጨምርም፤ በዴንቨር ከተማ ከ2025 ወዲህ ጠቅላላ የሽያጭ ግብር 9.15 በመቶ ስለሆነ በ850 ዶላር ሳጥን ላይ 78 ዶላር ገደማ ይታከላል። ግሌንዴል ዙሪያዋን በዴንቨር ብትከበብም የራሷ አስተዳደር ያላት፣ ግብሯም ዝቅ ያለ ከተማ ናት። ለዳቦ መንገድ ማቋረጥ ዋጋ የለውም፤ ለእንዲህ ያለው ሳጥን ግን ሊታሰብበት ይችላል።

በሰዓት ሲካፈል

ከስጦታው የሚገኘው ዋና ጥቅም የግንባታው ሰዓት ነው ከተባለ ታህቱ ይለወጣል። ለስሌት ያህል አንድ ልጅ በሰዓት 200 ፍሬ ይገጥማል ተብሎ ቢታሰብ፣ የታይታኒክ 9,090 ፍሬዎች 45 ሰዓት ያህል ያሠሩታል፤ 630 ዶላሩ በዚህ ሲካፈል ለሰዓት 14 ዶላር ይሆናል። ከዚህ አጠገብ ምንም ዓይነት ፊልም ያልተለጠፈበትን፣ 790 ተራ ጡቦች የያዘውንና 60 ዶላር ገደማ የሚሸጠውን ትልቁን የፈጠራ ሳጥን ብናስቀምጥ፣ በዚያው ፍጥነት ለአንድ ዙር አራት ሰዓት ስለሚፈጅ ለሰዓት 15 ዶላር ይወጣበታል። አንዱ የሌላውን አሥር እጥፍ ዋጋ የሚጠይቅ ሆኖ ሳለ፣ በመጀመሪያው ዙር ግንባታ በሰዓት ሲመዘኑ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል።

ሆኖም ይህ ስሌት የሚሠራው ልጁ ከጨረሰው ብቻ ነው፤ የመጨረስም ነገር ከሚገመተው በላይ ይከብዳል። በ2012 ማይክል ኖርተን፣ ዳንኤል ሞቾንና ዳን አሪየሊ የተባሉ ተመራማሪዎች “የኢኬያ ውጤት” የሚል ስም የሰጡትን ጥናት አሳተሙ። ኢኬያ ገዢው ራሱ የሚገጣጥመውን የቤት ዕቃ የሚሸጥ የታወቀ የስዊድን መደብር ሲሆን፣ ጥናቱ ሰዎች የመደብሩን ሳጥን፣ የወረቀት እጥፋትና የሌጎ ስብስብ በገዛ እጃቸው ሲሠሩ ለሥራቸው ከሌላው ሰው ይልቅ ከፍ ያለ ዋጋ እንደሚሰጡት አሳይቷል። ለስጦታ ሰጪ የሚጠቅመው ግን ሁለተኛው ግኝት ነው፤ ሥራው ሳይጠናቀቅ ሲቀር ወይም ተሠርቶ ሲፈርስ ያ ተጨማሪ ዋጋ ይጠፋል። ግማሽ ላይ የቆመ 9,000 ፍሬ እንግዲህ ካለቀ 900 ፍሬ በልጁ ዐይን ሊያንስ ይችላል።

ከዚያ ቀደም ብሎ በ2008 የወጣ፣ አሪየሊ ከኤሚር ካሜኒካና ከድራዘን ፕሬሌክ ጋር ያካሄደው ሌላ ጥናት በዚሁ ላይ ብርሃን ይሰጣል። ተሳታፊዎች ባዮኒክል የተባሉ የሌጎ አሻንጉሊቶችን እየገጣጠሙ ለመጀመሪያው 2 ዶላር፣ ለእያንዳንዱ ተከታይ ደግሞ 11 ሳንቲም እየተቀነሰ ይከፈላቸው ነበር። የሠሩት ተሰብስቦ የተቀመጠላቸው በአማካይ 10.6 አሻንጉሊት ሲሠሩ፣ የሠሩት ዐይናቸው እያየ የፈረሰባቸው ግን በተመሳሳይ ክፍያ ከ7.2 አላለፉም። ገንዘብ እየተከፈለው እንኳን ሰው ሥራው ሲፈርስ ልቡ ይዝላል። ለእንግዳ ሲባል ጠረጴዛውን ለማጽዳት ሲጣደፉ ገና ያላለቀን ግንብ በቅርጫት የሚገለብጡ ወላጆች ልጁ ለምን ተመልሶ እንዳልተቀመጠበት ቢጠይቁ፣ ምክንያቱ ስንፍና ላይሆን ይችላል።

ስለዚህ ሳጥን ሲመረጥ መታየት ያለበት ልጁ ከዚህ በፊት የጨረሰው ትልቁ ስብስብ ስንት ፍሬ እንደነበረ ነው። ይህ ቁጥር በሳጥኑ ላይ ከታተመው ዕድሜ የበለጠ ይናገራል። ኩባንያው ከ2020 ጀምሮ በጥቁር ሳጥን የሚያወጣቸው “18+” የተጻፈባቸው ስብስቦች፣ አንዳንድ ወላጅ እንደሚጠረጥረው ለልጅ ዐይን የማይገባ ነገር አልያዙም፤ ቁጥሩ የሚያመለክተው ርዝመታቸውን፣ ውስብስብነታቸውንና ሻጩ ያሰበውን ገዢ ነው። ትዕግሥተኛ የሆነ የ12 ዓመት ልጅ ሊጨርሳቸው ይችላል፣ አባቱ ግን ላይችል። በሌላ በኩል ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት የሚጻፈው ማስጠንቀቂያ የመታነቅ አደጋን ስለሚመለከት እንደ አስተያየት አይቆጠርም፤ በቤቱ የሚድህ ሕፃን ካለ ሺህ ጥቃቅን ፍሬ መሬት ላይ የሚዘረጋበት ጊዜ ገና አልደረሰም።

ከመጀመሪያው ግንባታ በኋላ

ሁለቱ ሳጥኖች፣ ታይታኒክና ተራው የፈጠራ ሳጥን፣ በአንደኛው ዙር እኩል ቢወጡም የሚለያዩት ከዚያ ወዲያ ነው። በኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ሊቃውንት ባደረጉት ስሌት፣ እያንዳንዳቸው ስምንት ጉብታ ያላቸው አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸው ስድስት ጡቦች በ915,103,765 የተለያዩ መንገዶች ሊገጣጠሙ ይችላሉ። ስድስት ብቻ! ይህ ቁጥር የሚናገረው ስለ ተራው ጡብ ነው፤ ልጁ ጠዋት ቤት የሠራበትን ከሰዓት በኋላ መኪና፣ ማታ ድልድይ ያደርገዋል፤ ታህቱ በየዙሩ አራት አራት ሰዓት ስለሚጨምር የሰዓቱ ዋጋ ከ15 ዶላር ወደ 7.50፣ ከዚያም ወደ 5 ይወርዳል። ታይታኒክ ግን ርዝመቱ 135 ሴንቲሜትር የሆነ፣ ካለቀ በኋላ እንዲታይ የተነደፈ ሐውልት ነው፤ 45 ሰዓት የለፋበት ሰው በማግሥቱ አያፈርሰውም፣ ማፍረስም የለበትም። በኢትዮጵያ ከሽቦና ከቆርኪ መኪና እየሠራ ያደገ ወላጅ ይህን ልዩነት ያለ ቁጥር ይረዳዋል፤ የሽቦው መኪና ሲሰለች ሽቦው ሌላ ነገር ይሆን ነበር።

ከዚህ ተነሥቶ ትልቁ ስብስብ መጥፎ ስጦታ ነው ማለት አይቻልም። የሚሰጠው ሌላ ነገር ነው፤ አንድ ረጅም ሥራና በመጨረሻው የሚታይ ውጤት። ችግሩ የሚመጣው የዕለት ተዕለት መጫወቻ ይሆናል ተብሎ ሐውልት ሲገዛ፣ ወይም ግርማ ያለው ነገር ለሚፈልግ ወጣት የተራ ጡብ ባልዲ ሲሰጥ ነው። ሐውልቱም ቦታ ይፈልጋል። ግሌንዴል ከአንድ ካሬ ማይል የማይሞላ ስፋት ያላት፣ አብዛኛው መኖሪያዋ አፓርታማ የሆነ ከተማ ስትሆን፣ በእንዲህ ያለ ቤት ሳሎን ውስጥ ቁመቱ 149 ሴንቲሜትር የሆነው የአይፍል ግንብ ከመሶቡና ከረከቦቱ ጋር የወለል ቦታ ይሻማል። በ2022 በ630 ዶላር የወጣው ይህ ግንብ 10,001 ፍሬዎች ስላሉት በፍሬ ሲካፈል 6.3 ሳንቲም ብቻ ነው፤ በሚይዘው የኪራይ ወለል ሲታሰብ ግን ወጪው በሳጥኑ ዋጋ አያበቃም።

በዚህ ላይ “ኋላ ይሸጣል” የሚል ክርክር ይነሣል። እውነትነት አለው፦ ቪክቶሪያ ዶብሪንስካያና ዩሊያ ኪሺሎቫ በሩሲያ የኢኮኖሚክስ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ባደረጉት ጥናት ከ1987 እስከ 2015 የወጡ 2,322 ስብስቦችን ተመልክተው፣ ከምርት ከወጡ በኋላ በሁለተኛ እጅ ገበያ ዋጋቸው በአማካይ በዓመት 11 በመቶ ያህል እንደሚያድግ አግኝተዋል። ነገር ግን አማካይ ቁጥር በምዕራፍ 2 እንደታየው ብዙ ይሸፍናል፤ በዚያው ጥናት ግማሽ ዋጋቸውን ያጡም፣ ስድስት እጥፍ ያተረፉም ይገኛሉ። ከሁሉ በላይ ትርፉ የተሰላው ላልተከፈተ ሳጥን ነው። ያልተከፈተ ሳጥን የግንባታ ሰዓቱ ዜሮ ነው፣ በዜሮ ደግሞ አይካፈልም፤ ለልጅ ተሰጥቶ እንዳይከፈት የሚከለከል መጫወቻ ስጦታ መሆኑ ቀርቶ የወላጁ ቁጠባ ሆኗል።

ሁለተኛው እጅ ገበያ ለገዢው የሚጠቅመው በሌላ በኩል ነው። በ2000 የተመሠረተውና በ2019 በራሱ በሌጎ ኩባንያ የተገዛው ብሪክሊንክ የተባለ የኢንተርኔት ገበያ፣ የተፈቱ ስብስቦችንና ነጠላ ፍሬዎችን ከየአገሩ ሻጮች ያቀርባል። የተፈታ ስብስብ መግዛት ዋጋን ይቀንሳል፤ የሚያሰጋው የጎደለ ፍሬ ነው። አዲስ ሳጥን ውስጥ የጎደለ ፍሬ ሲኖር ኩባንያው በነፃ ይልካል፤ የተፈታውን የገዛ ግን የጎደለውን በራሱ ወጪ ይፈልጋል።

የሰጪው ታህትና የተቀባዩ ታህት

እስካሁን ገዢውና ተጫዋቹ አንድ ሰው እንደሆኑ ተቆጥሯል፤ በስጦታ ግን አይደሉም። ጆኤል ዋልድፎገል የተባለ የኢኮኖሚክስ ባለሙያ በ1993 ባሳተመው ጽሑፍ የዬል ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ለተሰጣቸው የበዓል ስጦታ ምን ያህል ግምት እንደሚሰጡት ጠይቆ፣ ስጦታው ከተገዛበት ዋጋ ከአሥር በመቶ እስከ ሲሶ የሚደርሰው በተቀባዩ ዘንድ እንደሚጠፋ ገምቷል። ከሁሉ የባሰ ኪሳራ የታየው ከአያቶች፣ ከአጎቶችና ከአክስቶች በሚመጣ ስጦታ ላይ ነው። ምክንያቱ ፍቅር ማነሱ ሳይሆን ዕውቀት ማነሱ ነው፤ ልጁ ምን እንደሚወድ በየቀኑ የማያይ ሰው በሳጥኑ መጠን ይገምታል።

በ2016 ጄፍ ጋላክ፣ ጁልያን ጊቪና ኤላኖር ዊልያምስ ያቀረቡት ጽሑፍ ይህን በሌላ ቋንቋ ይገልጸዋል። ሰጪ የሚያስበው ስጦታው የሚከፈትባትን ቅጽበት ነው፤ ተቀባይ የሚያስበው ግን ከዚያ በኋላ አብሮት የሚኖርበትን ዘመን ነው። ከላይ በተያዘው አነጋገር፣ ሰጪው ዋጋውን የሚያካፍለው በአንድ “ዋው!” ሲሆን፣ ተቀባዩ በወራት ያካፍላል። ግዙፍ ሳጥን በዚያች ቅጽበት የሚያህለው የለም፤ ለዚህም ነው በክርስትና አባትና በአክስት ዘንድ የሚመረጠው። አክስት ሳጥኑን ከመግዛቷ በፊት ለእናቲቱ ደውላ “ልጁ አሁን ምን እየሠራ ነው?” ብትል ከማንኛውም ቅናሽ የበለጠ ታተርፋለች።

በኢትዮጵያውያን ዘንድ ለሠርግ፣ ለክርስትናና ለሐዘን የተለመደው መዋጮ እዚህም ይሠራል። አራት ዘመዶች እያንዳንዳቸው የ60 ዶላር ሳጥን ይዘው ቢመጡ ልጁ አራት ያልተያያዙ ነገሮች ያገኛል፣ ሁለቱ አንድ ዓይነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ አዋጥተው ልጁ በስሙ የጠየቀውን አንድ የ240 ዶላር ስብስብ ቢገዙ ግን ከግምት ይድናሉ። ልብ መባል ያለበት መዋጮ የሚነካው ላዕሉን ብቻ መሆኑ ነው። ወጪው ለአራት ስለተከፈለ ብቻ ሳጥኑ ለልጁ የሚመጥን አይሆንም፤ ያልመጠነው ሳጥን በአራት ሰው ገንዘብም ተገዝቶ አልጋ ሥር ይገባል።

በሁለቱ ገናዎች መካከል

የአሜሪካ ገና ዲሴምበር 25 ሲውል የኢትዮጵያ ገና ጃንዋሪ 7 ይውላል፤ በመካከላቸው 13 ቀናት አሉ። ለገበያ እነዚህ ቀናት ትርጉም አላቸው። ከምስጋና ቀን ማግሥት ከሚውለው ብላክ ፍራይዴይ እስከ ዲሴምበር 24 ያለው ጊዜ ፍላጎቱ ጣሪያ የሚነካበት ነው፤ ከ25 በኋላ መደብሮች የተረፋቸውን ለማውጣት ዋጋ ይቀንሳሉ፣ ያልተፈለጉ ስጦታዎችም ሳይከፈቱ ይመለሳሉ። ስጦታውን በኢትዮጵያ ገና የሚሰጥ ቤተሰብ ስለዚህ ሌላው ገዢ ከገበያ በወጣበት ሰዓት ይገባል። የግሌንዴልም ሆነ የአውሮራ ወላጅ በሎን ትሪ ፓርክ ሜዶውስ የገበያ ማእከል ወዳለው የሌጎ መደብር ዲሴምበር 20 ከሚሄድ ዲሴምበር 28 ቢሄድ ቢያንስ ወረፋው ይቀንስለታል።

መጠበቅም ዋጋ አለው። ብዙ ስብስቦች በዓመቱ መጨረሻ ከምርት ይወጣሉ፣ አዳዲሶቹም በብዛት የሚወጡት ጃንዋሪ 1 ነው፤ ልጁ በስሙ የጠየቀው ስብስብ ሊወጣ ከተቃረቡት አንዱ ከሆነ ቅናሽ እየጠበቁ ማጣት ይመጣል። በተጨማሪም በኩባንያው መደብር ብቻ የሚሸጡት ትልልቆቹ ስብስቦች በዋጋ የሚቀነሱት አልፎ አልፎ ነው፤ በእነርሱ ፈንታ በበዓል ሰሞን ለገዢው ትንሽ ተጨማሪ ስብስብ በምርቃት መልክ ይሰጣል። ቅናሹ በብዛት የሚገኘው በታርጌትና በዋልማርት ዓይነት መደብሮች በሚሸጡት መካከለኛ ሳጥኖች ላይ ነው።

እንግዲህ ለአንባቢው የሚቀረው ይህ ነው፦ ልጁ በስሙ ለጠየቀውና ካሁን ቀደም ከጨረሰው ከሁለት እጥፍ ለማይበልጥ ስብስብ ቅናሽ አይጠበቅ፣ በጊዜ ይገዛ፤ ለቀረው ሁሉ እስከ ዲሴምበር 26 ይታገሥ፣ ደረሰኙም አይጣል፤ ብዙ መደብሮች በበዓል ሰሞን የተገዛ ያልተከፈተ ሳጥን እስከ ጃንዋሪ ድረስ ይመልሳሉ።